የጅብራ ዘመድ በአሜሪካ ጓሮ፦ የካርዲናል አበባን ከዓመት ዓመት ማቆየት

“እንደ ጅብራ ተገተረ” የሚለው አባባል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ ሎቤሊያ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው። ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ቀይ አበባ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በወንዝ ዳርና በረግረጋማ ሥፍራ ይበቅላል። ቀለሙ የካቶሊክ ካርዲናሎችን ልብስ ስለሚመስል “የካርዲናል አበባ” ተብሏል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያም አገር በቀል ነው።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲያብብ ሃሚንግበርድ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ይስባል። ንቦች ቀይን ቀለም በቀላሉ አይለዩም፤ የአበባው ቱቦም ረጅምና ጠባብ ነው። ረጅም ምንቃር ያላት ወፍ ግን ያለ ችግር ትቀስመዋለች፤ በዚያው ቅጽበት የአበባው ዱቄት ግንባሯ ላይ ያርፋል። 3 ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ወፍ በመከር ወራት ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ስለምትሰደድ፣ በበጋው መጨረሻ የሚገኝ የአበባ ማር ለጉዞዋ ስንቅ ነው።

ተክሉ ለዓመታት ከሚቆዩት ይመደብ እንጂ ካልተያዘ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ሊጠፋ ይችላል። የኢትዮጵያው ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። በካርዲናል አበባም ያበበው አገዳ ይደርቃል፤ ነገር ግን ከሥሩ አዳዲስ የቅጠል እቅፎች ይወጣሉ። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚገኘው ከእነዚህ ነው፤ የአትክልተኛው ዋና ሥራም እነርሱን ማዳን ነው።

አፈሩ ብስባሽ የበዛበትና ምንጊዜም እርጥብ ይሁን። ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ የሚያርፍበት ቦታ ይስማማዋል፤ ፀሐይ በሚበረታበት አካባቢ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያሻዋል። በክረምቱ ብርድ ወቅት እቅፎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ስለሚቆዩ ብርሃንና አየር ይፈልጋሉ። የረገፈ ቅጠል ከተከመረባቸው ይበሰብሳሉና ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል። በጸደይ እቅፎቹን ከነሥራቸው ለይቶ ሌላ ቦታ መትከል ይቻላል።

ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ በአፈር አይሸፈንም። በመከር ወቅት በእርጥብ መሬት ላይ መበተን ይበቃዋል። የደረቀውንም አገዳ ዘሩ ሳይረግፍ አለመቁረጥ ይመከራል።

ችግኙን ከዱር ከመንቀል ይልቅ ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ይመረጣል። ተክሉ ሲበላ መርዛማ በመሆኑም ሕፃናት እንዳይቀምሱት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።