«ያድግበታል» ብዬ ልጄን ላጣው ነበር

በልጅነቴ አዲስ ጫማ የሚገዛልኝ ለእንቁጣጣሽ ነበር። እናቴ መርካቶ ይዛኝ ትሄድና ከቁጥሬ ሁለት ከፍ ያለውን ታነሳለች። «ሰፋኝ እኮ!» ስላት «ያድግበታል» ትላለች፤ የምትመልሰው ለእኔ ሳይሆን ለነጋዴው ነው። ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅና ዓመቱን ሙሉ እግሬን እየጎተትኩ ትምህርት ቤት እመላለስ ነበር። ጫማ ነውና ማንንም አልገደለም። እኔ ግን ይህችን ቃል ውቅያኖስ አሻግሬ አሜሪካ ድረስ ይዣት መጣሁ። ጉዷን ላጫውታችሁ።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነው። እዚህ ከከተማው ወጣ ሲሉ ተራራና የአቧራ መንገድ ሞልቷል። ቅዳሜና እሁድ ሰዉ ባለ አራት ጎማ ሞተሩን፣ እነሱ «ኤቲቪ» የሚሉትን፣ ተጎታች ላይ ጭኖ ከነቤተሰቡ ይወጣል። ልጄም በጎረቤት ልጆች ቀንቶ ሲያስቸግረኝ፣ 12 ዓመት ሲሞላው አንዲት 90 ሲሲ ገዛሁለት። ሁለት ዓመት በሰላም ነዳት። 14 ሲገባ ግን ቁመቱ ድንገት ተመዘዘ። ሲታጠፍ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጭ ጀመር። «አባዬ፣ ጠበበችኝ» አለ። እውነቱን ነው። የጠበበ ሞተርም አደጋ ነው።

ጥፋቱ ከዚህ በኋላ የመጣው የእኔ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ 400 ሲሲ የስፖርት ሞተር በርካሽ እንደሚሸጥ ሰማሁና ልጄንና ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ወጥቶ ተቀመጠበት። ፍሬኑን ለመያዝ ጣቱ ሲንጠራራ አየሁ። መሪውን እስከ ጥግ ሲያዞር ትከሻው አብሮ ሲሳብ አየሁ። ሞተሩ ላይ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች የሆነ እንዳይነዳው የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ባለቤቴ ጽሑፉን በጣቷ እያሳየች «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ተይው ባክሽ፣ ያድግበታል። በየዓመቱ ሞተር ስገዛ ልኖር ነው እንዴ?»

በሦስተኛው ሳምንት ዳገት መሃል ላይ ማርሽ ሊቀይር ሲል ሞተሩ ጠፋበት። ፍሬኑን በደንብ ሳይጨብጥ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ጎኑን ሰጠና ተገለበጠበት። እኔ ከታች ቆሜ አያለሁ! 170 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት፣ 48 ኪሎ ልጄ ላይ። ከሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሆነን አነሳንለት። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሯል፣ ሄልሜቱ ተሰንጥቋል። ሄልሜቱን ባያደርግ ኖሮ የሚሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ወደ ሐኪም ስንከንፍ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባዬ ይቅርታ፣ ፍሬኑ አልደረሰልኝም።» እስቲ አሁን ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ማን ነው?

እጁ እስኪጠግን ስንጠይቅና ስናነብ ከረምን። የተማርነውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ጽሑፉን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ድሮ መለኪያው ሲሲ ነበር፤ ከ90 ሲሲ በላይ ያለው ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ይመደብ ነበር። አሁን የልጆቹ ሞተር የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ለ6፣ ለ10፣ ለ12 እና ለ14 ዓመት የሚሉ ምድቦች አሉ፤ የአዋቂው ከ16 ይጀምራል። የ14 ዓመቱ ምድብ ጣሪያው በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጎረምሳ ምን አነሰው?

ሁለተኛ፣ ልጁን ሞተሩ ላይ ለኩት። እግር ማሳረፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ በመቀመጫውና በእሱ መሃል ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ሲቀመጥ ጭኑ ወደ አግድም ይጠጋ፤ ጉልበቱ ሽቅብ ከወጣ ጠቦታል። ወደ ፊት ሳይጎነበስ መሪውን ሲይዝ ክርኑ እጥፍ ይበል። ጣቱ ፍሬኑን አልፎ መታጠፍ አለበት፤ ጫፉ ብቻ ከነካ ሞተሩ የእሱ አይደለም። እግሩም የእግር ፍሬኑን ሳይንጠራራ ይርገጥ።

ሦስተኛ፣ ማርሹንና ጉልበቱን አስቡ። ከትንሽ ሞተር ለሚያድግ ልጅ አውቶማቲክ ይሻላል፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮንና ማርሽ ተጨማሪ ፈተና ነው። ብዙዎቹ የልጆች ሞተሮች ነዳጅ መስጫው ላይ ፍጥነት የምትገድብ ትንሽ ብሎን አለቻቸው። መጀመሪያ አጥብቋት፣ ልጁ ሲበስል ቀስ በቀስ አላሏት።

አራተኛ፣ ረጅሙ መቀመጫ አያታላችሁ። ለአንድ ሰው በተሠራ ሞተር ላይ መቀመጫው የሚረዝመው ነጂው ክብደቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲያዛውር ነው፤ ጓደኛ ለማፈናጠጥ አይደለም። አስፋልትም ቦታው አይደለም፤ ጎማው የተሠራው ለአፈርና ለአሸዋ ነው።

አምስተኛ፣ ጠባዩን እዩ። ሳትነግሩት ሄልሜቱን ያጠልቃል? «ተመለስ» ስትሉት ይመለሳል? ቁመቱ ደርሶ ጠባዩ ካልደረሰ ጠብቁት።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልችልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እነዚህን ሞተሮች ጭራሽ ባይነዳ ነው የሚለው። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «በቃ፣ አበቃ!» አለች። ልጁ አኮረፈ፤ ቤታችን ለወራት እህልና ውሃ አልቀመስ አለ። በመጨረሻ 400ውን ለአዋቂ ሸጥነው። ልጄ ዓመት ሙሉ ሳይነዳ ቆየ፣ 15 ሲሆነው ከአሰልጣኝ ኮርስ ወሰደ፤ ከዚያ በልኩ የሆነ የ14 ዓመት ምድብ ሞተር ገዛን። ያለ አንዳችን አይነዳም። እናቱ እስከ ዛሬ ልቧ አላመነም፤ ዳገቱ ሥር ቆማ ነጠላዋን እያፍተለተለች ትጠብቀዋለች። «16 እስኪሞላው መጠበቅ ነበረባችሁ» ብትሉኝ አልከራከርም።

አገር ቤትም ሆነ እዚህ፣ ለልጃችሁ ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ጫማው ይስፋ፣ ዩኒፎርሙም ይርዘም። ሞተር የሚገዛው ግን ዛሬ ፊታችሁ ለቆመው ልጅ ነው፤ ለከርሞው ልጅ ከርሞ ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን።