የላፕቶፕ ኮምፒዩተር ባትሪ ያለ አደጋ ስለ ማውጣት

የላፕቶፕ ኮምፒዩተር ባትሪ እያደር ማርጀቱ አይቀርም። በመጀመሪያ አራት ሰዓት ያሠራ የነበረው ኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጠፋል፤ አንዳንዱም ከማርጀት አልፎ ያብጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሊያወጣው ይነሣል። ካቻቢቴ የማይገኝበት የተማሪዎች መኖሪያ የለምና ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በእውነትም ሥራው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ነገር ግን በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊፈጸሙ ከሚችሉት ስሕተቶች አንዳንዶቹ እሳት የሚያስነሡ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምን ማድረግ እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ስለ ምን እንደሚገባም ለማስረዳት እንሞክራለን፤ የሥራውን ተራ ብቻ በቃሉ ያጠና ሰው፣ ዕቃው ከለመደው ዓይነት የተለየ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ግራ ይጋባልና። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ኤሌክትሪክ እንዳይዘው ነው። ይህ ፍርሃት ቦታውን የሳተ ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 15 ቮልት ቢሆን ነው፤ በደረቅ እጅ ቢነኩት ምንም አይሰማም። አደጋው ያለው በቮልቴጁ ሳይሆን በጠባብ ስፍራ በታመቀው ኃይል ነው። መካከለኛ የሆነ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። አንዱ ዋት ሰዓት 3,600 ጁል ስለ ሆነ ጠቅላላው 180,000 ጁል ይሆናል። ይህም አንድ ቶን የሚመዝን ዕቃ 18 ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ኃይል ነው፤ ስድስት ፎቅ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተከማቸው ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ዕቃ ውስጥ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በእሳት ቢያያዝ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ በዚህ ቍጥር ላይ የሚጨመር ነው።

የባትሪው ዓይነት ሊትየም አዮን ይባላል። ለገበያ ያቀረበው በ1991 ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ባትሪው ከበርካታ ሴሎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ በአንድ ወገን ግራፋይት የተቀባ ስስ የመዳብ ቅጠል፣ በሌላው ወገን ደግሞ የሊትየምና የኮባልት፣ ወይም የሌላ ብረት፣ ኦክሳይድ የተቀባ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል አለ። በሁለቱ መካከል ቀዳዳዎቹ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ሽፋን ይገባል። ሁሉም ተደራርበው ይጠቀለላሉ ወይም ይታጠፋሉ፤ ሁለት እንጀራ በመካከላቸው ስስ ጨርቅ አድርጎ እንደ መጠቅለል ያለ ነው። ከዚያም የሊትየም ጨው የሟሟበት ፈሳሽ ይሞላበታል። ይህም ፈሳሽ ውሃ ሳይሆን እሳት የሚይዘው ኦርጋኒክ ፈሳሽ ነው።

እንግዲህ የሴሉ ሰላም የተመሠረተው በዚያ በፕላስቲክ ሽፋን ላይ ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር 50ኛ እጅ ያህል ነው፤ የሰው ጠጕር እንኳ ከርሱ ይወፍራል። ሽፋኑ ቢወጋ ወይም ቢቀደድ ሁለቱ ወገኖች ይነካካሉ፤ በሴሉ ውስጥ የተጠራቀመውም ኃይል በዚያች ነጥብ በኩል እየፈሰሰ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ከፖሊኤትሊን የሚሠራው ሽፋን ራሱ መቅለጥ ይጀምራል። ሲቀልጥ የተነካካው ስፍራ ይሰፋል፤ ስፍራው ሲሰፋ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ኦክሳይዱ ፈርሶ ኦክስጅን ይለቃል። ከዚህ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል፤ አንዱ ሴል ጎረቤቱን ያቀጣጥላል።

ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። በ2006 ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪዎች እንዲመለሱለት ገዢዎቹን ጠየቀ። ሴሎቹን የሠራው ሶኒ ነበር፤ ምክንያቱም በሚሠሩበት ጊዜ ደቃቅ የብረት ብናኝ ወደ ውስጣቸው ገብቶ መገኘቱ ነው። በፋብሪካ የገባ ብናኝ ይህን ካደረሰ፣ በችኰላ የተሰነዘረ የካቻቢቴ ጫፍ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። ቀደም ባለው ዘመን የላፕቶፕ ባትሪ ከሥር በኩል በመቈለፊያ ተይዞ ነበር የሚቀመጠው። ሴሎቹ ክብና በብረት ቈርቈሮ የታሸጉ ነበሩ፤ በጣም የታወቀው ዓይነት 18 ሚሊሜትር ወርድና 65 ሚሊሜትር ቁመት አለው፤ 18650 የሚለውንም ስም ያገኘው ከዚሁ ነው። በላያቸው ደግሞ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ስላለ የሰው እጅ ሴሎቹን ከቶ አይነካቸውም። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ መቈለፊያውን ገፍቶ ማውጣት ነው፤ ስለዚህ ዓይነት ብዙ የሚባል የለም። በቅርብ ጊዜ የተሠሩት ግን ቀጭን ይሆኑ ዘንድ ጠፍጣፋ ሴሎችን ይይዛሉ። የእነዚህ ልብስ እንደ ቡና ከረጢት ያለ የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ በጣት ጫና እንኳ ይጎብጣል። የዛሬው ባትሪ አወጣጥ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን ማጉደል ያስፈልጋል። ቻርጀሩን ነቅሎ ኮምፒዩተሩን እያሠሩ ከመቶ 25 በታች እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ይህን ደረጃ ብዙ ሰዎች ይዘሉታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ አደጋው እንዳይደርስ የሚያደርግ ሲሆን፣ ይህ ግን አደጋው ቢደርስ እንኳ የሚያንሰው ነውና። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ፈጽሞ ማጥፋት ነው። ክዳኑን መክደን ማጥፋት አይደለም፤ የተከደነው ኮምፒዩተር አንቀላፍቶ ኃይል መሳቡን ይቀጥላል።

በዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር እንጥቀስ። ከ2013 ጀምሮ ሌኖቮ የሠራቸው እንደ ቲንክፓድ ኤክስ240 ያሉት ሁለት ባትሪ አላቸው፤ አንደኛው በስተኋላ በመቈለፊያ የሚወጣ፣ ሁለተኛው በውስጥ የተደበቀ 23 ዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ። የውጭውን ያወጣ ሰው ኮምፒዩተሩ ኃይል አልባ የሆነ መስሎት ቢከፍተው ሰሌዳው ገና ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ያገኘዋል። ለዚህ ሲባል ሠሪዎቹ በባዮስ ውስጥ፣ ስለ ኃይል በሚናገረው ክፍል፣ የውስጡን ባትሪ ከሥራ የሚያሳርፍ ትእዛዝ አኑረዋል። ቻርጀሩ እንደ ገና እስኪሰካ ድረስ ባትሪው ለሰሌዳው ኃይል አይሰጥም።

የሥሩን ክዳን ለመክፈት ብሎኖቹ ይፈታሉ። ርዝመታቸው አንድ ስላልሆነ የክዳኑን መልክ በወረቀት ላይ ነድፎ እያንዳንዱን በየቦታው ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ ጫፉ በሥሩ ያለውን ዕቃ ይወጋል። ክዳኑ እንደ ተነሣ፣ ሌላ ምንም ከመነካቱ በፊት፣ ከባትሪው ወደ ሰሌዳው የሚሄደውን መሰኪያ መንቀል ይገባል። የሚነቀለውም በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ነገር እንጂ በፒንሳ አይደለም፤ ፒንሳው ሁለቱን ጫፎች በአንድ ጊዜ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በርሱ በኩል ያልፋል። ሽቦውን ይዞ መጎተትም አይገባም። ከዚያ በኋላ የማብሪያውን ቍልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቈየት በሰሌዳው ላይ የቀረውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ያፈስሰዋል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አስቀድሞ ማውለቅም አይጎዳም።

ባትሪው በብሎን ብቻ ከተያዘ ከዚህ በኋላ ያለው ማንሣት ነው። በማጣበቂያ ከተያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል። አፕል በ2012 ያወጣው ማክቡክ ፕሮ 95 ዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በማጣበቂያ ከአካሉ ጋር አያይዞታል፤ ብሎኖቹም አምስት ቅጠል ያለው አበባ የሚመስል ልዩ ካቻቢቴ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን በብረት መፈንቀል ከላይ ያልነውን ስስ ሽፋን በቀጥታ መፈታተን ነው። ሊደረግ የሚችለው፣ አይሶፕሮፒል አልኮል በዳርቻው ጥቂት በጥቂት እያንጠባጠቡ ማጣበቂያው እስኪላላ መታገሥ፣ ከዚያም ያረጀ የባንክ ካርድ ወይም ጠንካራ ክር ከሥሩ እያሳለፉ ሳያጎብጡ ማላቀቅ ነው። አልኮሉ ራሱ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ መስኮት ይከፈት፤ በአጠገቡም ምድጃም ሆነ ሲጋራ አይኑር።

ያበጠ ባትሪ ለብቻው የሚታይ ነው። እብጠቱ ፈሳሹ እየፈረሰ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመዳሰሻው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ይነሣል ወይም አልጫን ይላል፤ ክዳኑም አልገጥም ይላል፤ ኮምፒዩተሩ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። ይህ ከታየ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ለማጉደል ተብሎ አይሠራበትም፤ ዳግመኛም አይሞላም። ጋዙን ለማስተንፈስ በመርፌ መብሳት እንደሚበጅ የሚናገሩ አሉ፤ የዚህን ምክር መጨረሻ ከላይ ከተጻፈው አንባቢ ራሱ ሊያወጣው ይችላል። ባትሪው አብጦ በማጣበቂያም የተያዘ ከሆነ፣ ልምዱና መሣሪያው ላለው ባለሙያ መስጠትን እንመርጣለን፤ እዚህ ላይ የሚቈጠበው የእጅ ዋጋ ከአደጋው ጋር አይመዛዘንም።

እሳት ቢነሣስ? በኬሚስትሪ ትምህርት ሊትየም በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ሲጮህ ያየ ተማሪ ውሃን ሊፈራ ይችላል። በዚህ ባትሪ ውስጥ ያለው ሊትየም ግን በአዮን መልክ በመሆኑ የብረቱን ያህል ከውሃ ጋር አይጣላም። የሚያስፈልገው ማቀዝቀዝ ስለ ሆነ፣ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቅሎ ውሃን በብዛት ማፍሰስ ይገባል። አሸዋ እሳቱ እንዳይዛመት ይከለክላል እንጂ አያቀዘቅዝም። ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ ይጠላ፤ የፈሳሹ ጨው ፍሎሪን ስላለበት ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለውን መርዝ ይሰጣል። ጭሱ ክፍሉን ከሞላው ወጥቶ በሩን መዝጋትና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

የወጣውን ባትሪ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኖ፣ ከሌሎች ባትሪዎችና ከቍልፍ፣ ከሳንቲም ለይቶ፣ አሸዋ ባለበት የብረት ወይም የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጭ ማኖር ይገባል፤ ወደ ተራ ቈሻሻ አይጣልም። ደኅና ሆኖ ለመለዋወጫ የተያዘ ባትሪ በአውሮፕላን ሲጓጓዝ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይፈቀዳል፤ በታችኛው የጭነት ክፍል አይገባም። ያበጠው ወይም የተጎዳው ጨርሶ አይጫንም። ከውጭ አገር ዘመድ ባትሪ የሚያስመጡ ጓደኞቻችን ይህን አስቀድመው ቢያስታውቁ ይበጃል።

ባትሪውን አውጥቶ በቻርጀር ብቻ መሥራት ይቻል እንደ ሆነ የሚጠይቁም አሉ። ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ይሠራሉ፤ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ስፍራ ግን ያልተቀመጠው ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን በመጻፍ ላይ ላለ ተማሪ የማይመከር ነው።

የማጣበቂያው ነገር በሠሪዎቹ ፈቃድ ብቻ የሚቀር አይመስልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ መሠረት፣ ከየካቲት ወር (ፌብሩዋሪ) 18 ቀን 2027 ጀምሮ በዚያ ገበያ በሚሸጡ ዕቃዎች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች፣ በደንቡ ከተለዩት በቀር፣ ያለ ሙቀትና ያለ ማሟሚያ ፈሳሽ፣ በገበያ በሚገኝ መሣሪያ፣ በባለቤቱ እጅ የሚወጡ መሆን አለባቸው።