ከኩላሊቱ ቀድሞ የሚጎዳ ልብ

ኩላሊት ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች እየበዙና እየተነፉ የሚሄዱበት በዘር የሚወረስ በሽታ፣ ስሙ የኩላሊት ይሁን እንጂ የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ በሚገኝበት አገር ታማሚዎቹን በብዛት የሚገድለው በልብና በደም ስሮች በኩል ነው። ከወላጆች አንዱ በሽታው ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከአራት ታማሚዎች የሦስቱ ያህል ችግር የሚነሣው በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ካለው ፒኬዲ 1 ከተባለው ዘረ መል ነው። በ4ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለው ፒኬዲ 2 የሚመጣው ዘግየትና ለዘብ ይላል።

የጤነኛ ሰው አንድ ኩላሊት 150 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚህ በሽታ ያበጠው ግን ኪሎዎች ሊመዝን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1586 የሞተው የፖላንድ ንጉሥ ስቴፋን ባቶሪ አስከሬኑ ሲመረመር ኩላሊቶቹ የበሬ ያህል ትልልቅና ጎርበጥባጣ እንደነበሩ ተጽፏል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ይህንኑ በሽታ ይጠረጥራሉ።

በሽታው የሚያስከትለው የደም ግፊት ግን ኩላሊቱ እስኪደክም አይጠብቅም። ከግማሽ የሚበልጡት ታማሚዎች ግፊት የሚይዛቸው የኩላሊታቸው ሥራ ገና ሳይቀንስ፣ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ካላመመው በቀር ግፊቱን አይለካም። ቢመረመርም የኩላሊት ሥራ በደም የሚለካበት የክሪያቲኒን ውጤቱ «ኖርማል» ይባላል። አሳሳቹ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የቀሩት ጤነኛ ማጣሪያዎች የተጎዱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ፣ የደም ምርመራው ጉዳቱን ለዓመታት ሳያሳይ ይቆያል።

የግፊቱ ዋና መነሻ ከረጢቶቹ ናቸው። ሲነፉ በዙሪያቸው ያሉትን ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ይጫናሉ። ደም ያጠረው የኩላሊት ክፍልም የመላው ሰውነት ግፊት የወረደ ያህል ሬኒን የተባለውን ኬሚካል ይለቃል። ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ይቀሰቅሳል፤ እሱ ደም ቅዳዎችን ያጠብባል፣ አልዶስተሮን የተባለውንም ሆርሞን አስነሥቶ ጨውና ውኃ ከሰውነት እንዳይወጣ ያስይዛል። በዚያ ላይ በዘረ መሎቹ ጉድለት የተበላሹት ፕሮቲኖች በደም ስሮች ግድግዳ ውስጥም ሥራ ስላላቸው፣ ስሮቹ ራሳቸው እንደሚገባቸው አይላሉም።

ይህን ግፊት ተቋቁሞ ደም የሚረጨው የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ግፊት ካለባቸው ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ውፍረቱን አግኝቷል። በኋላ ሃልት ፒኬዲ በተባለው ጥናት የገቡ ወጣት ታማሚዎች ልባቸው በኤምአርአይ ሲታይ ግን ቁጥሩ ከ4 በመቶ በታች ሆነ። የመለኪያው ልዩነት የራሱ ድርሻ አለው፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ አስቀድመው የግፊት መድኃኒት የጀመሩ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ከአራት ታማሚዎች የአንዱ ያህል ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቭ ወደ ኋላ ይጎብጣል። ልብን ከማርገብገብ አልፎ የሚያስቸግረው ጥቂቱን ነው። የአንጎል ደም ቅዳ ማበጥ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በሌላው ሕዝብ ከ100 ሰው 2 ወይም 3 ላይ የሚገኘው እብጠት በእነዚህ ታማሚዎች 10 ገደማ ላይ ይገኛል፤ በቤተሰብ ውስጥ ፈንድቶበት የሚያውቅ ሰው ካለ ዕድሉ ከዚህም ይጨምራል። ድንገት የሚመታ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ለግፊቱ በቅድሚያ የሚታዘዙት እንደ ኤናላፕሪልና ሊዚኖፕሪል ያሉት የአንጂዮቴንሲንን ሥራ የሚያግዱ መድኃኒቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመው ሃልት ፒኬዲ የወጣት ታማሚዎችን ግፊት ከ110/75 በታች አድርጎ ለ5 ዓመት ያህል ተከታትሏል። በተለመደው ልክ ከተያዙት ጋር ሲነጻጸር የኩላሊታቸው እብጠት በ14 በመቶ ገደማ ዘገየ፤ የልባቸው ጡንቻም ይበልጥ ቀነሰ። የማጣራት አቅም ላይ በጥቅሉ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ የራስ ማዞር ግን በዛ። ሊዚኖፕሪል ላይ ቴልሚሳርታን የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት መደረቡም ጥቅም አላስገኘም።

እነዚህ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ተማክራ በሌላ መድኃኒት ትቀይራቸዋለች።