«አዳልጦት ነው» ተብሎ የሚታለፈው ጉዳት

የግንባታ አደጋ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ከፎቅ የወደቀ ሠራተኛ ነው። እኔ ግን በግንባታ ተቆጣጣሪነት ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት መሬት ላይ አዳልጦት ወይም አደናቅፎት የወደቀውን ነው።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጎብዬን ለአብነት እንውሰድ። የራያ ቆላ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጫማ ላይ እየተለጠፈ ሶሉን ይደፍነዋል። በዚህ ጭቃ ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ የቀን ሠራተኞች ባሬላ ተሸክመው ይመላለሳሉ። ከኋላ የያዘውን ሰው ባሬላው ስለሚጋርደው የሚረግጠውን አያይም።

መደናቀፍም ቀላል ነገር አይደለም። ስንራመድ የጫማችን ጫፍ ከመሬት ከፍ የሚለው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መተላለፊያ ላይ የተጣለ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ፌሮ ሰው ለመጣል ይበቃል። የሚወድቅ ሰው በደመ ነፍስ እጁን ስለሚዘረጋ አንጓው ሊሰበር ይችላል። ጉልበቱን ሸጦ ለሚያድር ሰው ይህ የወራት እንጀራ ነው።

እኛስ ምን እንላለን? «አይቶ አይረግጥም ነበር?» ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራሉ። ማዳለጥ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ጊዜያዊ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶውን ያገኛል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን አያሳጣውም።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። አዋጁ አሠሪው ጉዳቱን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ያልተመዘገበ ውድቀት ግን ሠራተኛው ሳይቱን ለቆ ሲሄድ አብሮት ይጠፋል።

መከላከያው ውድ አይደለም፦ መመላለሻው ላይ ጠጠር ማልበስ፣ ማታ ማታ ቁርጥራጭ ፌሮና ሚስማር የወጣበትን ጣውላ ማንሳት፣ ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ ጫማ ማደል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሳይት ስንጎበኝ የምሰሶውን ልክ ከማየታችን በፊት የሠራተኛውን መተላለፊያና የአደጋ መዝገቡን ብናይ መልካም ነው።