የድሮ ሪፖርት ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ስሞቹ ለምን ይበላሻሉ?

አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ዳታቤዙን የሠራተኞች ሪፖርት ድረ ገጹ ላይ አወጣ እንበል። ደሞዙ ልክ ነው፤ ስሞቹ ግን ዝብርቅርቅ ያሉ የላቲን ምልክቶች ሆነዋል። ምን ተፈጠረ?

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሶፍትዌሮች የላቲንን ቁጥሮች ተውሰው፣ በፎንት ብቻ «ሀ» አስመስለው ያሳዩ ነበር። ፎንቱ ከሌለ «ሀ»ም የለም። ደግሞ 256 ቦታ ለፊደላችን ስለማይበቃ፣ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ቁጥር ይይዝ ነበር።

መፍትሔው የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ነው። መጀመሪያ ጥንድ ቁጥሮቹን፣ ቀጥሎ ነጠላዎቹን ትቀይራላችሁ፤ ከተገላበጠ ጥንዱ ይፈርሳል። ዋናውን ቅጂ ግን እንዳታጠፉ!

ቀላል እንዳይመስላችሁ፦ ስሟ የተበላሸ ሠራተኛ ጡረታ ስትወጣ፣ የአገልግሎት ዘመኗ በፍለጋ አይገኝም።