«ታጨ» እና «ፈረመ»፦ ስለ ሁለት የስፖርት ቃላት አቻ

በሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ክለቦች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ወጣት ተጫዋቾችን በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። ምርጫው ለክለቡ የሚያስገኘው፣ በሊጉ ውስጥ ተጫዋቹን ለተወሰነ ጊዜ በብቸኝነት የማስፈረም መብትን ነው፤ ውል ግን አይደለም።

ስለዚህ ድርጊቱን «ፈረመ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። ኤሪክ ሊንድሮስን እ.ኤ.አ. በ1991 የኬቤክ ኖርዲክስ ክለብ በአንደኛነት መረጠው፤ እርሱ ግን አልፈርምም በማለቱ መብቱ በ1992 ለፊላዴልፊያ ፍላየርስ ተላለፈ። «ፈረመ» ብሎ የተረጐመ ሰው ይህን እንዴት ያስረዳል? «ተመለመለ»ም አያረካም፤ ምልምል ወደ ድርጅቱ የገባ ነውና።

ቋንቋችን «አጨ» የሚል ግስ አለው፤ «እጩ»ም «እጮኛ»ም ከዚሁ የወጡ ናቸው። የታጨች ልጃገረድ ገና አላገባችም፤ ሆኖም ሌላ ሽማግሌ አይላክባትም። የክለቡም መብት ይህንኑ ይመስላል።

እንግዲህ ምርጫውን ለሚጠባበቀው «እጩ ተጫዋች»፣ ለተመረጠው «የታጨ ተጫዋች»፣ ውል ለገባው «የፈረመ ተጫዋች» የሚሉትን እናቀርባለን። «ሊንድሮስ ለኬቤክ ታጨ፤ ነገር ግን አልፈረመም» ቢባል፣ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።