የላሜራ በር፣ የመጋዘን ሙቀትና የነጋዴው ሂሳብ

የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አንበሳሜ፣ እንዲሁም በሐሙሲት፣ በወረታና በደብረ ታቦር የጅምላ ነጋዴው ዕቃ የሚያርፍበት ቤት አሠራሩ ብዙም አይለያይም። ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ደግሞ ላሜራ ነው። ከነዚህ መካከል ለመኪና ማቆሚያ ተብለው የተሠሩ ጋራዦችም ይገኛሉ፤ የቤቱ ባለቤት መኪና ከሌለው፣ ወይም መኪናውን ግቢ ማሳደር ከመረጠ፣ ጋራዡን ለነጋዴ ያከራየዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረ የላሜራ በር ለመክፈት የሞከረ ሰው መያዣውን በጨርቅ መጨበጥ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ ምክንያት የበሩን ውስጠኛ ገጽ በፎም ማስለበስ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አሠራሩ በሰሜን አሜሪካ የተለመደ ነው። በዚያ ብዙውን ጊዜ ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ወደ ጋራዡ የገባው ሙቀት ዞሮ ዞሮ በመብራት ሂሳብ ላይ ይመጣል። የአንበሳሜው መጋዘን ግን ማቀዝቀዣ መሣሪያ የለውም። ሙቀቱን የሚከፍለው በውስጡ ያለው ድንች፣ ሽንኩርትና እህል ነው። ስለሆነም ሂሳቡም መልሱም የተለየ ይሆናል።

ኪሳራው የሚመጣበት መንገድ

ድንች ከመሬት ከወጣ በኋላም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ስኳሩን አቃጥሎ ሙቀትና ውኃ ያወጣል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ አተነፋፈስ በግምት እጥፍ ይሆናል። ለምግብ የሚውል ድንች ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የሚመከረው ሙቀት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በባሕር ዳርና በፎገራ ሜዳ አካባቢ በበልግ ወራት ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሌሊቱ ግን ወደ 15 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር ከዚህ በአምስትና በስድስት ዲግሪ የቀዘቀዘች ናት። አንበሳሜ በመካከል ትገኛለች።

በሞቀ መጋዘን የተከማቸ ድንች ክብደቱን ያጣል፣ ይሸበሸባል፣ ጊዜው ሳይደርስ ያቆጠቁጣል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሙቀትና የአየር እጥረት አንድ ላይ ሲመጡ ልቡ መጥቆሩ ነው። እንዲህ ያለው ድንች ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም፤ ጉዱ የሚወጣው በምግብ ቤቱ ማዕድ ቤት ሲከተፍ ነው። ደንበኛ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፤ ስሙ የሚነሳው የነጋዴው ነው።

በሩ ስንት ያስገባል?

ብረት ሙቀትን ከፎም ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ የላሜራ በር ለሌባ እንጂ ለሙቀት መዝጊያ አይደለም። ርዝመቱም ወርዱም 3 ሜትር የሆነ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ በር እንውሰድ። ከሰዓት በኋላ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 600 ዋት ያህል የፀሐይ ጉልበት ቢያርፍበት፣ የውጭው አየር 26 ዲግሪ፣ የውስጡ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በሂሳብ ሲሠራ በዚህ በር በኩል ወደ 1,600 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይገባል። ይህም የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ነው።

የዚሁ በር ውስጠኛ ገጽ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም ቢለብስ የሚገባው ሙቀት ወደ 300 ዋት ይወርዳል። ጥሩ ቅናሽ ነው። ነገር ግን ፎም ሳይገባበት የውጭው ገጽ ብቻ ነጭ ቢቀባ መጠኑ ወደ 700 ዋት ዝቅ ይላል። ማለትም በአንድ ጣሳ ቀለምና በአንድ ብሩሽ ከግማሽ በላይ ይቀራል። የፎሙን ሥራ የሚያስበው ሰው አስቀድሞ ማነጻጸር ያለበት ከባዶው በር ጋር ሳይሆን ነጭ ከተቀባው በር ጋር ነው። በዚህ ሲለካ የፎሙ ትርፍ ከ1,300 ዋት ወደ 600 ዋት ዝቅ ይላል።

የበሩ አቅጣጫም ዋጋ አለው። አንበሳሜ በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሚያዝያ 13 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለሆነም በሙቀቱ ወራት ወደ ደቡብ የዞረ በር ያን ያህል አይጠበስም፤ የሚጠበሱት ምሥራቅና ምዕራብ የዞሩት ናቸው። ከሁለቱም የምዕራቡ ይብሳል፤ የምሥራቁ በር ፀሐይ የሚያገኘው አየሩና ቤቱ ገና ሌሊቱን እንደቀዘቀዙ ነው። በሩ ወደ ደቡብ ለሆነ ነጋዴ ፎም ልሸጥልህ የሚለው ሰው ለማን እንደሚያስብ ግልጽ ነው።

ጣሪያው ግን

ስድስት ሜትር በስምንት ሜትር የሆነ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ቆርቆሮው የዛገ መጋዘን በቀትር በጣሪያው በኩል የሚገባበት ሙቀት በተመሳሳይ ሂሳብ ወደ 12,000 ዋት ይደርሳል። ይህ ከበሩ ሰባት እጥፍ ይበልጣል። በሩ ፀሐይ የሚያገኘው ለሦስት ሰዓት ያህል ሲሆን ጣሪያው ግን ቀኑን ሙሉ ነው። ስለዚህ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ በሩን በፎም ማስለበስ ወንፊቱን በአንድ በኩል ደፍኖ ውኃ እንደመቅዳት ይቆጠራል።

ኮርኒስ ሲባል የግድ ውድ መሆን የለበትም። ቺፑድም ሆነ የቀርከሃ ምንጣፍ፣ ወይም ተሰፍቶ የተወጠረ ማዳበሪያ፣ በቆርቆሮውና በዕቃው መካከል የታገደ አየር እስካስቀመጠ ድረስ የጣሪያውን ሙቀት በእጅጉ ይቀንሳል። ከላዩ ጭድ ቢነጠፍበት የበለጠ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጭድ አይጥ ይጠራል፣ የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት ቤትም የእሳት አደጋ ስላለው አይመከርም። ኮርኒስ ሌላም ጥቅም አለው። በሌሊት የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፤ ጠዋት የእህል ጆንያ ላይ የሚታየው ጠብታ፣ ዝናብ ሳይዘንብ ከሆነ፣ ከዚህ የመጣ ነው።

ድንቹ ራሱ ምድጃ ነው

እስካሁን የተባለው ከውጭ ስለሚገባው ሙቀት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ከውስጥ የሚመነጨው ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ቶን ድንች በግምት 30 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። 100 ኩንታል፣ ማለትም 10 ቶን፣ በመጋዘን ያለው ነጋዴ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ባለ 300 ዋት ምድጃ ውስጥ አስቀምጧል ማለት ነው። ይህ በ24 ሰዓት ሲባዛ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ጥቁር የነበረው የምዕራብ በር ፎም ሲለብስ የሚያድነው ደግሞ በ3 ሰዓት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል። በሩን በፎም አስለብሶ፣ ጠርዙን በጎማ ደፍኖ፣ ቀንም ሌሊትም ቆልፎ የሚሄድ ነጋዴ ድንቹን በራሱ ትንፋሽ ይቀቅለዋል። ፎሙ የውጭውን ሙቀት እንዳይገባ እንደሚያግደው ሁሉ የውስጡንም እንዳይወጣ ያግደዋል። ባዶው ላሜራ ቢያንስ ሌሊት ይቀዘቅዝ ነበር።

በአውሮፓ ትልልቅ የድንች መጋዘኖች ይህን ችግር የሚፈቱት ግድግዳውንም በሩንም በወፍራሙ ሸፍነው ነው፤ ነገር ግን የውጭው አየር ከድንቹ ክምር ሲቀዘቅዝ ብቻ ማራገቢያ የሚያስነሳ መሣሪያ አብሮ ይሠራል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ማራገቢያ ባይኖርም ቀዝቃዛ ሌሊት በነፃ ይገኛል። ቀን 30፣ ሌሊት 15 ዲግሪ በሆነበት አገር መጋዘን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ተከፍቶ አድሮ ቀን ቢዘጋ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ መዋል ይችላል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ለዚህ ከብሎኬት ይሻላል፤ በአገሩ አናጢ የተሠራው አሮጌ ቤት ከአዲሱ ጋራዥ ቀዝቅዞ የሚገኘውም በዚህ ነው።

እንቅፋቱ ሌባ ነው። መጋዘን ከፍቶ የሚያድር ነጋዴ የለም። በመሆኑም ገንዘብ ለማውጣት የተዘጋጀ ሰው ለብረታ ብረት ቤቱ አስቀድሞ ማዘዝ ያለበት ፎም ሳይሆን ከላሜራው በር በስተውስጥ የሚገጠም ሁለተኛ የፍርግርግ በር ነው። ፍርግርጉ በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ከተሸፈነ አይጥም አይገባም። ማታ ላሜራው ይከፈታል፣ ፍርግርጉ ይቆለፋል፤ ጠዋት ላሜራው ይዘጋል። በተቃራኒው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ሌላ ባለወንፊት መስኮት ከተከፈተ የሞቀው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያ በኩል ያልፋል፣ ቀዝቃዛው በበሩ ሥር ይተካል። ለምግብ የሚሆን ድንች ብርሃን ሲያገኝ ስለሚያረነጉድና መራራና መርዛማ ስለሚሆን መስኮቱ ቀን ቀን መሸፈን ይኖርበታል። የዘር ድንች የሚያስቀምጥ ግን በተቃራኒው በስሱ የሚገባ ብርሃን ይፈልጋል፤ ለእርሱ የተዘጋ ጋራዥ ከመነሻው ተስማሚ ቤት አይደለም።

ሽንኩርትና እህል

በጉማራ ወንዝ ዳርና በፎገራ በመስኖ የሚመረተውን ሽንኩርት የሚይዝ ነጋዴ የድንቹን ሂሳብ እንዳለ መውሰድ የለበትም። በሚገባ የደረቀ ሽንኩርት 25 እና 30 ዲግሪን ይችላል፤ ይበልጥ የሚያቆጠቁጠው እንዲያውም ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ነው። የሚያበሰብሰው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ስለዚህ ለሽንኩርት የሚወጣ የፎም ወጪ የባከነ ነው፤ ነፋስ የሚያሳልፍ የቀርከሃ ቆጥ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ድንችና ሽንኩርትን በአንድ ክፍል ማከማቸትም አይመከርም፤ የአንዱ እርጥበት ሌላውን ያበላሻል።

እህል የያዘ ነጋዴ ጠላቱ ነቀዝ ነው። ነቀዝ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት በፍጥነት ይራባል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን መራባቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ደብረ ታቦር ላይ የቀዘቀዘ መጋዘን ያለው የበቆሎ ነጋዴ ከወረታው በተፈጥሮ የተሻለ ዕድል አለው። የወረታው ነጋዴ ጥቂት ዲግሪ ለመቀነስ በር ከሚያስለብስ አየር በማያስገባ ከረጢት ቢጠቀም ገንዘቡን በተሻለ ሥራ ላይ አዋለ ይባላል።

ፎሙን ለሚፈልግ

ኮርኒስ ያለው፣ በሩ ወደ ምዕራብ የዞረ፣ የሌሊት አየር የሚያገኝ መጋዘን ላለው ሰው የበሩ ፎም ተገቢ ቀጣይ ሥራ ነው። ዕቃው ነጩ ጠንካራ ፎም እንጂ ለፍራሽ የሚውለው ስፖንጅ መሆን የለበትም፤ ስፖንጅ ውኃ ይመጣል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ነጩም ቢሆን ይነድዳል። ስለዚህ የብየዳው ሥራ በሙሉ ካለቀና ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ፎሙ ይገባል። ፎም ከገባ በኋላ ማጠፊያ ልጠግን ብሎ ብየዳ የሚያነሳ ሠራተኛ ዕቃውንም ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ፎሙ ከላሜራው ጋር ክፍተት ሳይተው መጣበቅ አለበት፤ ክፍተት ካለ ከኋላው ውኃ ይጠራቀምና በሩን ያዝገዋል። ከላዩም በስስ ላሜራ ወይም በኮምፔርሳቶ ካልተሸፈነ አይጥ ጎጆዋን ትቀልስበታለች።

ወጪውን በብር ብቻ ማስላት ያሳስታል፤ የድንች ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣልና። ቀላሉ መንገድ በኩንታል ማስላት ነው። የፎሙ፣ የመሸፈኛውና የእጅ ዋጋው ድምር በዕለቱ ገበያ የስድስት ኩንታል ድንች ዋጋ ያህላል እንበል። ሥራው በየምርት ወቅቱ አንድ ኩንታል ከመበላሸት ቢያድንና ነጋዴው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያከማች ገንዘቡ የሚመለሰው በሦስት ዓመት ነው። ጋራዡ በየዓመቱ በሚታደስ ውል የተከራየ ከሆነ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቱ ኪራይ ሲጨምር ያን ቀዝቃዛ በር ራሱን እንደ ምክንያት ሊያነሳው ይችላል። ስለሆነም ተከራይ ነጋዴ ፎሙንና መሸፈኛውን በብሎን የሚፈታ ሰሌዳ አድርጎ ማሠራት፣ የፍርግርግ በሩም የማን እንደሆነ በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። የነጩ ቀለም ወጪ ግን ለባለቤቱ ቢቀርም የሚያስቆጭ አይደለም፤ የካቲት ሳይወጣ ቢቀባ በዚያው የበልግ ወቅት ዋጋውን ይመልሳል።